ከባቱ ወይን እስከ ነገሌ አረቄ፦ የሁለት ቀን የቅምሻ ጉዞ እንዲህ ይመራል

ወይን፣ ጠጅ፣ ጠላ፣ አረቄና ቦርዴን በሁለት ቀን ውስጥ፣ እዚያው በሚሠሩበት አካባቢ መቅመስ ለሚፈልግ ሰው ከአዲስ አበባ ሐዋሳ የሚወስደውን መንገድ የሚያክል አላውቅም። አስጎብኚ ነኝ። እንግዶቼ አብዛኞቹ ለእረፍት የመጡ፣ አሜሪካና አውሮፓ የሚኖሩ የእኛው ሰዎች ናቸው። የአዲስ አበባ ልጆችም ይመጣሉ። ጠጅ ሁሉም ያውቃሉ። አረቄም ቢያንስ አንዴ ቀምሰዋል። አረቄ ሲወጣ ቆሞ ያየ ግን ከስንት አንድ ነው። እኔ ደግሞ ይህን ጉዞ የምወደው ለዚያች ሰዓት ብዬ ነው።

ጓደኞቻችሁን ወይም ቤተሰባችሁን ይዛችሁ ራሳችሁ መሄድ ትችላላችሁ። እንዴት እንደሚሆን ልንገራችሁ።

መጀመሪያ የሰው ቁጥር። ከስድስት አትብለጡ። ወይን ፋብሪካ ውስጥ ሃያ ሰው ቢገባም ችግር የለውም፤ የአረቄ አውጪዋ ማድ ቤት ግን ከስድስት ሰው በላይ አይችልም። ጭስ አለ፣ እሳት አለ፣ መሬት ላይ የተደረደረ ገንቦ አለ። ዕድሜው 21 ያልሞላ ልጅ ለቅምሻ አይምጣ። ሕጉም መጠጥ እንዳይሸጥለት ይከለክላል።

ቀጥሎ ሹፌር። ሹፌሩ አይቀምስም። «ትንሽ ብቻ» የሚባል ነገር እዚህ ላይ አይሠራም። እሱ ብቻውን ደርቆ እንዳይቀመጥ ከተገኘ አዲስ የተበረዘ ብርዝ (ገና አልኮል ያልያዘ የማር ውሃ) አስቀዱለት። ካልተገኘ አምቦ ውሃ ይያዝለት። ምሳና እራት ላይ ደግሞ የመጀመሪያው ሳህን የእሱ ይሁን።

ቀኑን በተመለከተ እኔ ሰኞና ማክሰኞን እመርጣለሁ። የሥራ ቀናት ስለሆኑ ፋብሪካው ሥራ ላይ ነው። ረቡዕና አርብ ስላልሆኑ የሚጾም እንግዳም ምሳ ላይ አይቸገርም። በዐቢይ ጾም፣ በፍልሰታና በረመዳን ግን ጉዞውን ብታስተላልፉት ይሻላል። አረቄውን የምትቀምሱባት አርሲ ነገሌ ብዙ ሙስሊም የሚኖርባት ከተማ ናት፤ በጾም ወር መለኪያ ይዞ ደጅ ላይ መቀመጥ ደግ አይደለም። ከመነሳታችሁ በፊት ባለው ቀን መንገዱ ሰላም መሆኑን ባቱና ነገሌ ላሉ ሰዎች ደውላችሁ አጣሩ።

ሽቶ አትቀቡ። ይህን ሁሌ እለምናለሁ። አንድ ሰው ተቀብቶ ከመጣ መኪና ውስጥ ያለው ሁሉ አፍንጫው ይያዛል፤ ቅምሻ ደግሞ ግማሹ በአፍንጫ ነው።

አሁን እንነሳ። በአዳማው ፈጣን መንገድ ሞጆ ድረስ ሄዳችሁ ወደ ደቡብ ትታጠፋላችሁ። ቁርስ መንገድ ላይ ብሉ፤ ጨጨብሳ ወይም እንቁላል በዳቦ ይበቃል። በርበሬ የበዛበት ፍርፍር ለነገ ይቆይ። ምላስ በርበሬ ከያዘው ወይኑ ውሃ ይመስላል።

ባቱ፣ ብዙዎቻችን አሁንም ዝዋይ የምንላት ከተማ፣ ከአዲስ አበባ 160 ኪሎ ሜትር ገደማ ትርቃለች። የካስቴል የወይን እርሻና ፋብሪካ ያለው እዚህ ነው። የመጀመሪያዎቹ ጠርሙሶች ገበያ ላይ የዋሉት እ.ኤ.አ. በ2014 ነው። ተክሉ የመጣው ከፈረንሳይ፣ ከቦርዶ ነው። ሜርሎ፣ ሲራ፣ ካቤርኔ ሶቪኞ እና ሻርዶኔ የሚባሉ የወይን ዝርያዎች አሉ። እንደ ጠላ ቤት ዘው ተብሎ አይገባም። ቀድማችሁ ደውላችሁ ቀጠሮ ያዙ፣ ስንት ሰው እንደሆናችሁ ተናገሩ፣ መታወቂያ ያዙ።

መጀመሪያ ማሳውን ጠይቁ። ብዙ ሰው በቀጥታ ወደ ብርጭቆው ይቸኩላል። እዚህ ያለው ወይን እንደ አውሮፓው የበረዶ ወቅት የለበትም። አውሮፓ ውስጥ ቅዝቃዜው ተክሉን ያስተኛዋል፤ ባቱ ላይ ግን ተክሉ የሚተኛውና የሚነቃው በሰው መቀስና በመስኖ ውሃ ነው። መቼ እንደሚገረዝ፣ ዝናቡ ሲመጣ ሻጋታውን እንዴት እንደሚከላከሉት ጠይቁ። ማሳው ዙሪያ የተቆፈረውን ቦይም እዩ። ከሐይቁ የሚወጣ ጉማሬና ሌሊት የሚዞር ጅብ እንዳይገባ ነው የተቆፈረው። እንዲህ ዓይነት ጠላት ያለው የወይን እርሻ ቦርዶ ውስጥ አታገኙም።

ቅምሻው ላይ ቅደም ተከተሉን አታዛቡ። ነጩ ይቀድማል፣ ሮዝ ቀለም ያለው ሮዜ ይከተላል፣ ከዚያ ደረቁ (የማይጣፍጠው) ቀይ ይመጣል፣ ጣፋጩ መጨረሻ ነው። ካስቴል ሁለት ዋና ስሞች አሉት። ሪፍት ቫሊ ደረቁ ነው፤ አካሲያ ጣፈጥ ያለው ነው። አብዛኛው የአገራችን ሰው አካሲያን ይወዳል፣ ከእሱም መጀመር ይፈልጋል። ከእሱ ከጀመረ ግን ቀጥሎ የሚመጣው ሪፍት ቫሊ ኮምጣጤ ይሆንበታል፤ «ይሄ ተበላሽቷል» ይላል። ወይኑ ምንም አልሆነም፤ ምላሱ ላይ ስኳር ቀርቶበት ነው።

ሌላው የሙቀት ነገር ነው። «ቀይ ወይን አይቀዘቅዝም» የሚለው ምክር ለባቱ ቀትር አይሆንም። የተሰጣችሁ ቀይ ወይን የሞቀ ከመሰላችሁ በትህትና ለሩብ ሰዓት ያህል እንዲያቀዘቅዙላችሁ ጠይቁ። ሲሞቅ አልኮሉ ብቻ አፍንጫ ይመታል፤ ፍሬው ይጠፋል።

እዚህ መትፋት ይቻላል። ለዚሁ የተዘጋጀ ዕቃ ይቀርባል፤ ማንም አይቀየማችሁም። ሁለት ጉንጭ ውሰዱ፦ የመጀመሪያው አፍ ለማጠብ፣ ሁለተኛው ለመቅመስ። ሁለተኛውን ምላስ ላይ አዙሩት፣ ትንሽ አየር ሳቡበት፣ ከዚያ ትፉት ወይም ዋጡት። አራት ዓይነት እየቀመሰ ሁሉንም ብርጭቆ የሚጨርስ ሰው ማታ ጠጁን አያገኘውም።

ምሳ ዓሣ ነው። ሐይቁ ዳር ቆሮሶ ጥብስ ከነአጥንቱ ይቀርባል፤ ከሎሚ ጋር ብሉት። ከወይን በኋላ ጀልባ ላይ አትውጡ። ሐይቁ ውስጥ ጉማሬ አለ፣ ነፋሱም ከሰዓት በኋላ ይነሳል። ከምሳ በኋላ ሆቴላችሁ ገብታችሁ ተኙ። ይህ እረፍት የፕሮግራሙ አካል ነው፤ እንግዶቼ ቢያጉረመርሙም አልሰርዘውም።

ማታ ጠጅ። ጠጅ ቤት ስትመርጡ የሆቴሉን እንግዳ ተቀባይ ብቻ አትጠይቁ፤ ባጃጅ ነጂዎችንና የሠፈር አዛውንቶችንም ጠይቁ። ገብታችሁ ከመቀመጣችሁ በፊት ለስላሳ፣ መካከለኛና ደረቅ እንዳላቸው አጣሩ። ከሁሉም አንድ አንድ ብርሌ አስቀዱና ለሁላችሁም አዙሩት። በየሰዉ ሦስት ሦስት ብርሌ ማዘዝ አያስፈልግም። ጠጅ ብዙውን ጊዜ ከ7 እስከ 11 በመቶ አልኮል አለው፤ ጣፋጭነቱ ግን ይህን ይደብቃል።

ስኳር የበዛበትን ጠጅ ለመለየት እኔ የማደርገው እንዲህ ነው። መጀመሪያ ቀለሙን ብርሃን ላይ አያለሁ። የማር ጠጅ ደፍረስ ይላል፣ ቢጫነቱም የተረጋጋ ነው። እንደ ቀለም የሚያበራ ቢጫ ካየሁ እጠረጥራለሁ። ከዚያ እቀምሳለሁ። በጥሩ ጠጅ ማሩ ቀድሞ ይመጣል፣ የጌሾው ምሬት ዘግይቶ ከምላስ ኋላ ይሰማል። ጣፋጩና መራራው ሳይዋሃዱ ለየብቻ ከቆሙ፣ ወይም ከንፈር ላይ የሚጣበቅ ነገር ከቀረ፣ ሁለተኛ አላዝም። አሠሪው ፈቃደኛ ከሆነ ማሩ ከየት እንደመጣና ስንት ቀን እንደቆየ ጠይቁ። ጥሩ ጠጅ ጣይ በዚህ ጥያቄ ደስ ይለዋል። የሚቆጣ ካለ መልሱን ሰጥቷችኋል።

ከአዲስ አበባ ስትነሱ አንድ ጠርሙስ ጉደር ብትይዙ ደግሞ ማታ ሆቴል ላይ ከሪፍት ቫሊው ጎን አስቀምጣችሁ ስሙን ሸፍናችሁ ቅመሱ። እኛ ቤት አባቶቻችን በበዓል የሚከፍቱት ጉደር ነበር። የትኛው የትኛው እንደሆነ ሳታውቁ ስትቀምሱ ክርክሩ ደስ ይላል። በቃ፣ ከዚህ በኋላ ውሃ ጠጡና ተኙ።

ማክሰኞ ጠዋት 1 ሰዓት ላይ ተነሱ። ዋናው ቀን ይህ ነው። ከባቱ አርሲ ነገሌ ድረስ መንገዱ በላንጋኖና በአቢያታ ሻላ በኩል ያልፋል፤ ፎቶ ለማንሳት አንዴ ቁሙ እንጂ አትዘግዩ። እሳቱ የሚነደው በጠዋት ነው። ረፋድ ላይ ከደረሳችሁ ገንቦው ወርዶ አመዱን ነው የምታዩት። ቁርስ ከባድ ይሁን፤ ገንፎ በቅቤ ከተገኘ እሰየው።

ነገሌ በአረቄዋ የታወቀች ናት። በየጓሮው ይወጣል፤ በጄሪካን ተጭኖ አዲስ አበባና ሌላም ከተማ ይሄዳል። ሥራው የሴቶች ነው፤ ብዙዎቹም ልጅ ያሳደጉበት ነው። ስለዚህ ዝም ብላችሁ በር አታንኳኩ። ቀድሞ የሚያውቃቸው የአካባቢው ሰው ይኑራችሁ፤ ሆቴል ውስጥ ጠይቁ፣ ቢያንስ አንድ ቀን ቀደም ብሎ ይነገራቸው። ክፍያውንም ቀድማችሁ ተስማሙ። የሚጠጣው ዋጋ ለብቻ፣ ለሰዓታቸው ደግሞ ለብቻ ክፈሉ። እናንተ ቆማችሁ ስትጠይቁ ሥራቸው ይጓተታል። ፎቶ ከማንሳታችሁ በፊት ጠይቁ። «አይሆንም» ካሉ ስልኩን ኪስ ክተቱ። በኦሮምኛ «አካም ጅርቱ» ብላችሁ ግቡ፣ ስትወጡ «ገለቶማ» በሉ። ሴትየዋን «አዴ» ብላችሁ ጥሯቸው።

ጠላው ይቅደም። በዚያው ቤት ካለ ጥሩ፤ ከሌለ ጎረቤት ይኖራል። ደጁ ላይ እንጨት ጫፍ ላይ የተደፋ ጣሳ ካያችሁ ጠላ ቤት ነው። አረቄ ከቀመሳችሁ በኋላ ጠላው ምንም አይነግራችሁም፤ ምላስ ደንዝዟል። ጉሹንም የተጣራውንም ጠይቁ። ጥቁረቱ የመጣው ከተቆላው እህል ነው። ውስጡ የወይራ ጭስ ከሸተታችሁ ዕቃው በደንብ ታጥኗል ማለት ነው። ቀጂዋ መጀመሪያ መዳፏ ላይ ጠብ አድርጋ ከቀመሰች፣ ያ የድሮው ወግ ነው፤ ለእናንተ ክብር ነው የምታደርገው። ጎንበስ ብላችሁ በሁለት እጅ ተቀበሉ።

አሁን ወደ ማድ ቤቱ። ዓይናችሁ ጭሱን እስኪለምድ በሩ ላይ ጥቂት ቁሙ። ድፍድፉ የተዘጋጀው ከቀናት በፊት ነው። ጌሾና ብቅል በውሃ ተጠንስሶ ይቆያል፤ ከዚያ ከበቆሎ፣ ከስንዴ ወይም ከማሽላ ዱቄት የተጋገረ ቂጣ ተቆራርሶ ይገባበታል። የጠላ ዘመድ ነው። ጠላው ተጣርቶ ይጠጣል፤ ይህኛው እሳት ላይ ይወጣል።

ገንቦው ሦስት ጉልቻ ላይ ተቀምጧል። አፉ ተከድኖ ዙሪያው በጭቃ ተለስኗል። ከክዳኑ ሸምበቆ ወጥቶ ወደ ጎን ይዘረጋና ሌላ ዕቃ ውስጥ ይገባል። ያኛው ዕቃ ቀዝቃዛ ውሃ ውስጥ ነው ያለው። አልኮል ከውሃ ቀድሞ ይተናል። እንፋሎቱ በሸምበቆው ሄዶ ቅዝቃዜው ሲነካው ጠብ ጠብ ይላል። ነገሩ ይኸው ነው፤ ትልልቆቹ ፋብሪካዎችም የሚሠሩት ይህንኑ ነው።

እዚህ ላይ እጃቸውን እዩ። የምሄድባቸው አዴ ቴርሞሜትር የላቸውም። በአንድ እጃቸው የማቀዝቀዣውን ውሃ ይነካሉ፤ ለብ ካለ ቀድተው ይደፉና ቀዝቃዛ ይጨምራሉ። በሌላው እጅ አንድ እንጨት ከምድጃው ሳብ ያደርጋሉ፣ ሌላ ጊዜ ይገፋሉ። ጭቃው ላይ ቀጭን ስንጥቅ ከታየ፣ እንፋሎት ከመውጣቱ በፊት በአውራ ጣታቸው እርጥብ ጭቃ ይለጥፉበታል። ወሬያቸውን ሳያቋርጡ ነው ይህን ሁሉ የሚያደርጉት። እሳቱ ለምን አነሰ ስላቸው፣ «ከበዛ ድፍድፉ ያራል፤ ያረረ ሽታ ደግሞ ምን ቢደረግ አይለቅም» አሉኝ። እውነታቸውን ነው። በሌላ ቤት ያረረ አረቄ ቀምሼ አውቃለሁ፤ ከጉሮሮ አይጠፋም።

ከአንዱ ገንቦ ሦስቱን ለዩና ጠይቁ፦ መጀመሪያ የሚወጣውን፣ የመካከሉንና የመጨረሻውን። የመጀመሪያውን አሽትቱት እንጂ አትጠጡት። ስል ነው፣ የጥፍር ቀለም ማስለቀቂያ የሚመስል ሽታ አለው። የመካከሉ እህል እህል ይሸታል። የመጨረሻው ውሃ ውሃ ይላል። አረቄ አውጪዋ ሙያዋን የምታሳየው የቱ ጋ ቆርጣ፣ ከየትኛው ምን ያህል እንደምትቀላቅል ነው። ዳግም አረቄ የሚባለው ደግሞ የወጣው እንደገና ተመልሶ ሲወጣ ነው። ተራው 40 በመቶ አካባቢ ሊደርስ ይችላል፤ ዳግሙ ከዚያም ያልፋል። የፋብሪካ ኡዞ የለመደ ሰው አኒስ ይፈልጋል፤ እዚህ የለም። የሚሸተው እህል፣ ጌሾና ትንሽ ጭስ ነው።

አወሳሰዱን በተመለከተ፦ እዚህ መትፋት ነውር ነው። ስለዚህ ከመጀመሪያው «ለቅምሻ ብቻ» ብላችሁ መለኪያው ከሩብ እንዳያልፍ ጠይቁ። በአንድ ትንፋሽ አትገልብጡት። ከንፈር አርጥቡ፣ ትንፋሻችሁን በአፍንጫ አውጡ፣ ቆሎ ቆርጥሙ፣ ከዚያ ድገሙት። ውሃ ከጎናችሁ አይጥፋ።

አንድ ነገር ግን በጣም አደራ። መንገድ ላይ የሚሸጥ፣ ከየት እንደመጣ የማይታወቅ አረቄ አትግዙ። ሰው የሚያውረውና የሚገድለው በአብዛኛው ሜታኖል ያለበት የኢንዱስትሪ አልኮል የተቀላቀለበት ነው። ጠረጴዛ ላይ አፍስሶ ክብሪት መለኮስ ምንም አያረጋግጥም፤ ሜታኖልም ይነዳል። ሲወጣ ካያችሁበት ቤት ብቻ ጠጡ። ከጠጣ በኋላ፣ በማግስቱም ቢሆን፣ ዓይኔ ደበዘዘብኝ የሚል ሰው ካለ «ሃንጎቨር ነው» ብላችሁ አታስተኙት፤ ያኔውኑ ሐኪም ቤት ውሰዱት።

ስትወጡ ጓሮውን እዩ። አተላው አይጣልም፤ ለከብት ማድለቢያ ይሸጣል። የማገዶው ክምር ግን ያሳስበኛል። ለአረቄ የሚነደው እንጨት ከሙኔሳ ጫካም ጭምር ነው የሚመጣው፤ ጫካው ደግሞ ሳስቷል። ጭሱን ቀኑን ሙሉ የሚተነፍሱትም እነዚሁ ሴቶች ናቸው። እንግዶቼ «ምን እናድርግ?» ሲሉኝ፣ በዋጋ አትከራከሩ እላለሁ። የተሻለ ምድጃ የሚገዛው ሳንቲም ሲተርፍ ነው።

ከዚያ በሻሸመኔ አልፋችሁ ሐዋሳ ግቡ። ቦርዴ እዚህ ነው። የአካባቢው ሰው ይዛችሁ ገበያ ውረዱ። ጌሾ የለበትም፣ ወፍራም ነው፣ አልኮሉ ዝቅተኛ ነው፤ ጉልበት ሠራተኛው እንደ ምሳ ይጠጣዋል። በተሠራበት ቀን ካልሆነ አይጠጣም፤ ቶሎ ይኮመጥጣል። ከአረቄ በኋላ ሆድን ያረጋጋል። ቀሪው አሞራ ገደል ሄዶ ዓሣ መብላት ነው። ቢራ ያማረው ሰው እዚያው ከተማ የሚጠመቀውን ጊዮርጊስ በድራፍት ይጠጣ።

የገዛችሁትን ስለመያዝ ትንሽ ልጨምር። ወይኑን መኪናው ውስጥ ፀሐይ በማያገኘው ቦታ አጋድማችሁ በልብስ ጠቅልሉ፤ የስምጥ ሸለቆ ሙቀት ቡሹን ይገፋዋል። የቤት አረቄ አውሮፕላን ላይ ይዞ ለመውጣት አታስቡ። አየር መንገዶች ከ24 እስከ 70 በመቶ ያለውን መጠጥ የሚቀበሉት በፋብሪካ ማሸጊያው ሲሆን ነው፤ ለአንድ ሰውም ከ5 ሊትር አይበልጥም። ወደ ሳዑዲ ወይም ኩዌት የሚመለስ ሰው ደግሞ ወይኑንም ቢሆን እዚሁ ለዘመድ ትቶ ይሂድ። አረቄ ብዙ ጊዜ የሚቀዳላችሁ በሃይላንድ ነው፤ ውሃ ነው የሚመስለው። እዚያው ቆማችሁ «አረቄ» ብላችሁ በትልቁ ጻፉበት፣ የቤቱን ስምና ቀኑን ጨምሩበት፣ ከሹፌሩና ከእናንተ ውሃ ለይታችሁ ኋላ ኮፈን ውስጥ አስቀምጡት።